የባሕር ዳርቻ የወፍ ቆጠራ ዘዴ ለቦዬ ረግረግ ይሆናል ወይ?

ጠያቂ፦ የጅማው መምህር

ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከተፈጥሮ ክበባችን ተማሪዎች ጋር ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ቦዬ ረግረግ ላይ የሚውሉትን፣ ረዘም ባለ እግራቸው ጭቃና ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ እየተራመዱ የሚመገቡትን ወፎች በየጊዜው እየቆጠርን ለመመዝገብ አስበናል። በተለይ የምንፈልገው ከአውሮፓና ከእስያ ሰሜናዊ ክፍል ተነሥተው በክረምታችን ማብቂያ ወደ እኛ የሚመጡትን፣ ፈረንጆቹ ሳንድፓይፐር እና ፕሎቨር የሚሏቸውን ነው።

በእጄ ያለው ብቸኛ የመስክ መመሪያ ግን የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው። ምዕራፉ ሁሉ የሚያጠነጥነው በባሕር ሙላትና ጉድለት ላይ ነው፦ ውሃው መቼ እንደሚሞላ ከሰንጠረዥ ማየት፣ ሙላቱ ከፍ ከማለቱ አስቀድሞ ቦታ መያዝ፣ ወፎቹ ከጭቃው ሜዳ ተገፍተው አንድ ላይ ሲሰፍሩ መቁጠር። ጅማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የቦዬ ውሃ የሚሞላውም የሚጎድለውም በዝናብ እንጂ በጨረቃ አይደለም። ታዲያ መመሪያውን ዘግቼ የራሴን ዘዴ ላውጣ ወይስ ከውስጡ ለእኛ የሚሆን ነገር አለ?

ይህን የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት ለሙከራ በወጣንበት ማለዳ ሁለት የተማሪ ቡድኖች በአንድ ቦታ ቆመው በአንድ ሰዓት የቆጠሩት ቁጥር ሲነጻጸር፣ አንደኛው የሌላኛውን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው። የትኛውን ልመን? በወር ስንት ጊዜ ብንወጣ ይበቃል? ከቀኑስ የትኛው ሰዓት ይሻላል? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።


መልስ፦ ጭቃ ለባሽ

መምህር፣ ሰንጠረዡን ይተዉት እንጂ መመሪያውን አይዝጉት። እኔ የጅማ ልጅ ነኝ፤ ለትምህርት ኔዘርላንድስ በነበርኩበት ጊዜ፣ ከዚያው አገር ተነሥቶ በጀርመን በኩል እስከ ዴንማርክ በሚዘረጋው በዋደን ባሕር ዳርቻ ሁለት ወቅት በበጎ ፈቃድ ቆጣሪነት አሳልፌአለሁ። ያን ጊዜ ያየሁትን ልንገርዎና ለቦዬ የሚሆነውን አብረን እንለይ።

እዚያ ባሕሩ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ አንድ ጊዜ ሞልቶ ይጎድላል። ሲጎድል ከዳርቻው ጀምሮ ዓይን እስኪያታክት ድረስ የጭቃ ሜዳ ይገለጣል፤ ወፎቹም በዚያ ሜዳ ላይ ተበታትነው ትልና ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ ይውላሉ። በዚህ ሰዓት ለመቁጠር መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ወፉ ከሩቁ ነጥብ ብቻ ሆኖ ይታያል፣ ከፊሉም በጭቃው ቦይ ውስጥ ይሰወራል። ውሃው ሲመለስ ግን ሜዳው ከሥራቸው እየጠበበ ይመጣና ሁሉም ወደ ቀሩት ጥቂት ደረቅ ቦታዎች ተሰብስበው፣ አንገታቸውን ላባቸው ውስጥ ቀብረው፣ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃሉ። ቆጣሪው የሚጠብቃትም ያችን ጥቂት ጊዜ ነው። የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ስለሚዘገይ የእኛም የመውጫ ሰዓት በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር፤ አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ አካባቢ ደግሞ ሙላቱ ከሌላው ጊዜ ይበረታል።

አንድ ቀን ብርቱ ነፋስ ውሃውን ሰንጠረዡ ከሚለው በላይ ገፍቶት፣ እኛ የምንጠብቀው ማረፊያ በሙሉ ተጥለቀለቀ። ወፎቹ ተነሥተው ሌላው ቡድን ወደሚቆጥርበት ክፍል ሄዱ፤ እኛ ግን ከመነሣታቸው በፊት ቆጥረናቸው ነበር። ማታ መዝገቦቹ ሲገናኙ አንዱ መንጋ ሁለት ጊዜ መግባቱ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ትልቅ መንጋ በተነሣ ቁጥር ሰዓቱንና የሄደበትን አቅጣጫ በስልክ ለጎረቤት ቡድን መናገር ልማዳችን ሆነ። ቦዬም ላይ ከአንድ በላይ የመቁጠሪያ ቦታ የሚኖርዎ ከሆነ ይህን ልማድ ከመጀመሪያው ቀን ያስይዙ።

እንግዲህ በጥሞና ቢመለከቱት ሙላቱ ለቆጣሪው የሚሠራለት ሥራ ሁለት ነው፦ ወፉን ይሰበስብለታል፣ የቆጠራውንም ሁኔታ ከቀን ቀን ተመሳሳይ ያደርግለታል። ስለዚህ የእርስዎ ጥያቄ «ሰንጠረዡን በምን ልተካ» ሳይሆን «ቦዬ ላይ ይህን ሁለት ሥራ የሚሠራልኝ ምንድን ነው» መሆን አለበት። በእኔ ግምት መሸት ሲል ወፎቹ ወደ ማደሪያቸው ሲሰበሰቡ መቁጠር ለሙላቱ ምትክ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱን ቡድኖች በሚመለከት፣ ከመስክ በፊት በክፍል ውስጥ የሚሠራ ልምምድ አለ። በሰፌድ ላይ የቡና ፍሬ በትነው ለአምስት ሰከንድ ብቻ አሳዩአቸውና ግምታቸውን ይጻፉ፤ ከዚያ ፍሬውን አንድ በአንድ ይቁጠሩ። አብዛኛው ሰው ፍሬው ሲበዛ አሳንሶ የሚገምት ሆኖ ያገኘዋል። መንጋ ሲሆን አንድ በአንድ አይቆጠርም፤ በመጀመሪያ አሥር ወፍ ቆጥሮ የዚያን አሥር ስፋት በዓይን መያዝ፣ ከዚያም በዚያ ልክ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያሉ መንጋውን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው መለካት ነው። አንዱ ዓይኑን ከመነጽሩ ሳይነቅል ይቁጠር፣ ሌላው ይጻፍ። ሁለት ቡድን ካለ ሁለቱም ቁጥር ይመዝገብ፤ በልዩነታቸው ማፈር አያስፈልግም፣ ልዩነቱ ራሱ የስሕተታችሁን ልክ ይነግራችኋልና።

በተረፈ ወፎቹን አታስነሡ። በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ባር ቴልድ ጎድዊት የምትባል አንዲት ገና ዓመት ያልሞላት ወፍ ከአላስካ ተነሥታ እስከ ታዝማኒያ 13,560 ኪሎ ሜትር ገደማ በአሥራ አንድ ቀን ያለ ማረፍ መብረሯ በላይዋ በተደረገ መከታተያ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለ ጉዞ የሚሄድ ወፍ ስንቁ በሰውነቱ ያከማቸው ስብ ብቻ ነው፤ በሞሪታንያ የባሕር ዳርቻ ባንክ ዳርጊን በሚባለው ቦታ የሚከርሙት ከሁለት ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ወፎችም፣ ቦዬ የምታርፈው ትንሿ ሳንድፓይፐርም በዚህ አንድ ናቸው። ተማሪ ለማየት ጓጉቶ ባስነሣት ቁጥር ከዚያ ስንቅ ላይ ይቀነሳል።


መልስ፦ የቦዬ ጎረቤት

ወንድማችን ስለ ባሕሩ የጻፉት ትምህርት ሰጥቶኛል፤ ስለ ምሽቱ ግን አልስማማም። ቤቴ ከረግረጉ ብዙ አይርቅም። ቦዬ ላይ ሲመሽ በመንጋ ተሰብስበው ዛፍ ላይ የሚያድሩት ከብት ተከትለው የሚውሉት ነጫጭ ወፎችና እነ አይቢስ ናቸው፤ መምህሩ የሚፈልጓቸው ትንንሾቹ ጭቃ ለቃሚዎች ግን እንደ ባሕሩ ዳር አንድ ላይ ሲሰፍሩ አላየሁም፣ በየኩሬው ዳር ተበታትነው ነው የሚያድሩት። ከዚህም በላይ መሸት ሲል ከውሃው የሚወጣው ጉማሬ ነው። ጉማሬው ለግጦሽ የሚወጣበትን መንገድ ተማሪዎች ይዘው የሚቆሙበት ሁኔታ በፍጹም ሊኖር አይገባም። ማለዳም ቢሆን ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ወደ ውሃው ዳር አትውረዱ፤ ፀሐይ ወጥታ ጉማሬው ወደ ውሃው መመለሱን የአካባቢውን ሰው ጠይቃችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው መቅረብ ያለባችሁ። ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ያሉት ሁለት ሰዓቶች ለእኔ ዋነኞቹ ናቸው፤ ሣር አጫጁና ከብቱ ረግረጉን ሳይሞሉት፣ ሙቀቱም በመነጽር ውስጥ ምስሉን ማንቀጥቀጥ ሳይጀምር። በምሥራቅ በኩል ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ብታዩ ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሆንና የወፉ ቀለም በትክክል ይለያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ሰው ልብ ሲለው ያላየሁት ነገር ነው። ስደተኞቹ ወፎች ነሐሴና መስከረም ላይ ሲደርሱ ቦዬ በውሃ ሞልቶ፣ ሣሩና ቄጤማው ከሰው ወገብ በላይ አድጎ ይቆያቸዋል። ወፉ አለ፤ አይታይም። ከዚያ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ቄጤማው ይታጨዳል፣ ዝናቡ ጥቅምት ላይ ይቀንሳል፣ ውሃው ይሸሻል፣ ከብቱ ይገባል፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ጨፌው አጭር ሆኖ ጭቃው ይገለጣል። በዚያን ጊዜ የቆጠረ ሰው ወፉ ከመስከረም ወዲህ በብዙ እጥፍ እንደጨመረ ይጽፋል። ጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ ግን ምናልባት የጨመረው የወፉ ቁጥር ሳይሆን የእኛ ማየት ነው። መልስ ሰጪው ሙላቱ ወፉን ይሰበስባል ብለዋል፤ ቦዬ ላይ ወፉን የሚገልጠው ማጭድና የከብት ጥርስ ነው። ስለዚህ በየቆጠራው ቀን የሣሩን ቁመት (ከቁርጭምጭሚት በታች፣ እስከ ጉልበት፣ ከጉልበት በላይ ብሎ መለየት ይበቃል)፣ ከአንድ ቋሚ ምልክት ተነሥቶ የውሃው ዳር በእርምጃ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የገቡትን ከብቶችና የሣር አጫጆቹን ብዛት ካልጻፋችሁ፣ የወፉ ቁጥር ብቻውን ሊያሳስታችሁ ይችላል።

የመቁጠሪያ ቦታም ስትመርጡ የተከፈተውን ሜዳ ብቻ አትያዙ። ለሸክላ ጡብ አፈር የተቆፈሩት ጉድጓዶች በጋውን ሙሉ ውሃ ይዘው ይቆያሉ፤ ብቻዋን መዋል የምትወደው ወፍ እዚያ ውስጥ ናት። የአዌቱ ወንዝ ውሃ ከከተማው ቆሻሻ ይዞ የሚመጣ ስለሆነ፣ ቢልሃርዚያም በአካባቢያችን ያለ በሽታ ስለሆነ፣ ልጆቹ ያለ ቦት ጫማ ወደ ውሃው እንዳይገቡ።

የባሕር ዳር የሚመስል ነገር ለተማሪዎቹ ማሳየት ከፈለጉ ግን በበጋው መጨረሻ የግልገል ጊቤን ግድብ ሐይቅ ከሩቅ ሆነው ያሳዩአቸው። ግድቡ በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሥራ የጀመረ ነው፤ ዝናብ ሳይኖር ውሃው ለመብራት ማመንጫ እየወረደ ሲሄድ በዳርቻው ሰፊ የጭቃ ሜዳ ይገለጣል። ልዩነቱ የባሕሩ ሙላት በቀን ሁለቴ ሲመላለስ፣ የግድቡ በዓመት አንዴ መሆኑ ነው።


መልስ፦ መዝጋቢዋ

የሁለታችሁም ሐሳብ ጠቃሚ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ወረቀቱ ነው፤ በመስክ በጥንቃቄ የተገኘ ቁጥር ቢሮ ውስጥ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ አይቻለሁና።

በመጀመሪያ፣ ቀን። ስልክ ላይ ያሉት የመመዝገቢያ መተግበሪያዎች የሚቀበሉት የአውሮፓን አቆጣጠር ሲሆን ተማሪዎቻችሁ በደብተራቸው የሚጽፉት በእኛ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ተማሪው «1፡30» ብሎ የጻፈው ማለዳ መተግበሪያው ላይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሆኖ ይገባል። በቅጹ ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በግልጽ ታትሞ ይቀመጥ፣ ወደ ሌላው የመለወጡንም ሥራ አንድ ሰው ብቻ ይያዘው። «የክረምት ቆጠራ» የሚል ትርጉምም ከመመሪያው ላይ ካገኛችሁ ሰርዙት። የእነርሱ ክረምት የእኛ በጋ ነው፤ አንድ ተማሪ ይህን ሳያስተውል በሐምሌ ዝናብ ወፍ ፍለጋ ሲወጣ አውቃለሁ።

ሁለተኛ፣ የቦታ ስም። የጅማው ቦዬ እና በሐዲያ ያለው ቦዮ በላቲን ፊደል ሲጻፉ በአንዲት ፊደል ብቻ ነው የሚለያዩት፤ ሁለቱም ረግረግ፣ ሁለቱም የወፍ ቦታ ናቸው። የጂፒኤስ ነጥብ የሌለው መዝገብ ከዓመታት በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ሦስተኛ፣ ዜሮ። አንድ ወፍ ፈልጋችሁ ካጣችሁት «0» ብላችሁ ጻፉ፤ ያልፈለጋችሁት ከሆነ ባዶ ተዉት። ይህ ልዩነት ሰው የሚንቀው ነው፤ ነገር ግን አንድ ወፍ ከአንድ ረግረግ መጥፋቱን ለመናገር የሚቻለው በዜሮዎቹ ነው።

ስንት ጊዜ ለሚለው፣ ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ በጃንዋሪ የሚካሄድ ሲሆን በአገራችንም በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የውሃ ወፎች ቆጠራን ከሚያስተባብሩት ውስጥ ነው (ሁለቱም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር)። ከጥር ቆጠራችሁ አንዱ ከዚህ ጋር እንዲገጣጠም አድርጉ፤ ብቻ ከተራና ጥምቀት፣ ማለትም ጥር 10 እና 11፣ በዚያው ሰሞን ስለሚውሉና ውሃ ያለበት ሁሉ ሰው ስለሚበዛበት ሌላ ቀን ምረጡ። የጥር ወር ቆጠራ ብቻውን ግን እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ማለት ነው፤ ለእናንተ ዓላማ በወር ሁለት ጊዜ፣ በተቻለ መጠን በእኩል ርቀት፣ ካልሆነም አንድ ጊዜ ሳይቋረጥ። ስምንት ወር ያለ መቋረጥ የቀጠለ አንድ ቦታ፣ ሁለት ወር በጋለ ስሜት ተቆጥሮ ከተተወ አምስት ቦታ ይበልጥብኛል።


ጠያቂ፦ የጅማው መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት የምሽቱን ሐሳብ ትቼ፣ በወር ሁለት ጊዜ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ከሦስት ቋሚ ቦታዎች፣ ከእነርሱም አንዱ የጡብ አፈር ጉድጓዶቹን የሚያሳይ እንዲሆን ወስኛለሁ። የቡናውን ልምምድ ትናንት ሞክረነው፣ እኔ ራሴ ከተማሪዎቼ ሁሉ የከፋ ግምት ሰጥቼ ክፍሉ በሣቅ ተሞላ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል። ኮመን፣ ግሪን እና ዉድ የሚባሉትን ሦስት ሳንድፓይፐሮች ተማሪዎቹ መለየት አልቻሉም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እጠራጠራለሁ። በአማርኛም ለሦስቱ የተለያየ ስም የለንም። ሦስቱን በአንድ ስም ጠቅልለን ብንመዘግብ ጥፋት ይሆናል?


መልስ፦ ጭቃ ለባሽ

በመጀመሪያ ስለ ምሽቱ መታረሜን አመሰግናለሁ፤ የባሕር ልማዴን ሳላመዛዝን ወደ ቦዬ ማምጣቴ ነበር።

ሦስቱን ለመለየት ወፏ ስትነሣ ጀርባዋን ተመልከቱ። ስትበር ከጅራቷ በላይ ነጭ ካልታየ፣ በክንፏ ላይ ነጭ መስመር ካለ፣ ውሃውን ልትነካ እስክትል ዝቅ ብላ በአጫጭርና በግትር የክንፍ ምት ከሄደች ኮመን ሳንድፓይፐር ናት፤ ቆማም ስትሆን የኋላ አካሏን ወደ ላይና ወደ ታች ማወዛወዟን አታቋርጥም፣ በትከሻዋና በደረቷ መካከልም ነጭ ወደ ላይ ሾልኮ ይገባል። ከጅራት በላይ ነጭ ከታየ ከሁለቱ አንዷ ናት፤ ያኔ የክንፉን ሥር ተመልከቱ። ወደ ጥቁር የሚያደላ ከሆነ ግሪን፣ ፈዘዝ ያለ ከሆነ ዉድ ሳንድፓይፐር ናት። ግሪኗ ብዙ ጊዜ ብቻዋን በቦይና በጉድጓድ ውስጥ ትገኛለች፣ ስትደነግጥም ጮክ ብላ እየጮኸች ከፍ ብላ ትበራለች፤ የጡብ ጉድጓዷ ወፍ እርሷ እንደምትሆን እገምታለሁ። ዉዷ ክፍት ረግረግ ትወዳለች፣ ጀርባዋ ጥርት ያለ ነጠብጣብ አለው፣ ከዓይኗም በላይ ነጭ ቅንድብ በግልጽ ይታያል። በተጨማሪ ራፍ የሚባለው ወፍ ወንዱ ከሴቷ በጉልህ ስለሚበልጥ ተማሪዎች ሁለት ዓይነት ወፍ አድርገው እንዳይመዘግቡት።

ጠቅልሎ መመዝገቡን በተመለከተ፣ የተለየችውን በስሟ፣ ያልተለየችውን «ያልተለየ ሳንድፓይፐር» በሚል ለብቻ መስመር ጻፉ። ከአሥሩ ስድስቱ ያልተለየ የሆነበት ቅጽ የሚያሳፍር አይደለም፤ አሥሩም የተለየበት የጀማሪ ቅጽ ግን እኔን ያስጠረጥረኛል። ከስሙ ጎን ሳይንሳዊውን ስም፣ ለምሳሌ ለዉዷ ትሪንጋ ግላሬዎላ፣ ለግሪኗ ትሪንጋ ኦክሮፐስ ብትጨምሩ ሌላ አገር ያለ ሰውም ያለ ጥርጥር ይረዳችኋል።


መልስ፦ የቦዬ ጎረቤት

መምህር፣ የመጀመሪያውን ቀን ስትቆርጡ ሐሙስን አስቀሩት፤ የጅማ ገበያ ስለሆነ ከማለዳ ጀምሮ መንገዱ በሰውና በከብት ይሞላል። ከመውጣታችሁ በፊትም ቀበሌውን አስፈቅዱ፣ ከዚያ ደግሞ ከብት ከሚያሰማሩት አባቶች ጋር ቁጭ ብላችሁ ምን እንደምትሠሩ አስረዱ። መነጽር ይዞ ረግረጉን የሚያይ እንግዳ መሬት ሊለካ የመጣ ይመስላቸዋል። ልጆቹ ኦሮምኛ የሚችሉ ከሆነ እነርሱ ይናገሩ፤ ጉማሬው የትኛው ኩሬ ውስጥ እንዳደረ የሚነግሯችሁም እነዚሁ አባቶች ናቸው። እኔ ደግሞ የውሃው ርቀት የሚለካበትን እንጨት ከወዲሁ እተክልላችኋለሁ።